ለቤት ሰርቨር ስንመርጥ ዋቱ ይቅደም

መጻሕፍትን፣ ፎቶግራፎችንና ልዩ ልዩ ፋይሎችን አስቀምጦ፣ ቀንና ሌሊት ሳይጠፋ ለሌሎች ኮምፒዩተሮችና ስልኮች የሚያቀርብ ኮምፒዩተር ሰርቨር ይባላል። ተማሪዎች እንዲህ ያለውን መሣሪያ በቤታቸው ለማቋቋም ሲያስቡ አዘውትረው የሚጠይቁን ስለ ፍጥነቱ ነው። በእኛ እምነት ግን መቅደም ያለበት ጥያቄ «ስንት ዋት ይወስዳል?» የሚለው ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ዓመት 8,760 ሰዓታት አሉት። ሥራ ሳይበዛበት 80 ዋት የሚወስድ አሮጌ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር በዓመት 701 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ስክሪኑ ጠፍቶ 12 ዋት የሚወስድ ላፕቶፕ 105፣ እንደ ራስበሪ ፓይ ያለ 5 ዋት የሚበቃው ባለ አንድ ሰሌዳ ኮምፒዩተር ደግሞ 44 ያህል ይፈጃሉ። ታዲያ በነጻ የተገኘው አሮጌ ኮምፒዩተር በእርግጥ ነጻ ነውን?

«የመብራት ክፍያ ይህን ያህል አያሳስብም» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን ግን መብራት የሚጠፋበት ሰዓት ነው። ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፒር ሰዓት የእርሳስ ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል። ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ ብንጠቀም 600 እናገኛለን። የኢንቨርተሩን ብክነትና የዋይፋይ ማሰራጫውን ድርሻ ለጊዜው ብንተው፣ ይህ ኃይል የጠረጴዛውን ኮምፒዩተር 7 ሰዓት ተኩል፣ ላፕቶፑን 50 ሰዓት፣ ትንሹን ሰሌዳ 120 ሰዓት ያሠራል። ኪዊክስ በተባለው ፕሮግራም ያለ ኢንተርኔት ዊኪፔዲያን የሚያነብ ትምህርት ቤት፣ መብራት በጠፋ ቁጥር የንባብ በሩን መዝጋት አይኖርበትም።

ፍጥነት መቀነሱስ አይጎዳምን? የአንድ ቺፕ ትራንዚስተሮች ሲበሩና ሲጠፉ የሚወስዱት ኃይል ከፍሪኩዌንሲው ጋርና ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር ተመጣጣኝ ነው። ስለዚህ ዝግ ብሎ በዝቅተኛ ቮልቴጅ የሚሠራ ቺፕ ብዙ ኃይል ይቆጥባል። የቤት ሰርቨር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጠያቂ እየጠበቀ የሚቀመጥ ነው። ፊልሞችን ከአንድ ፎርማት ወደ ሌላ ለሚለውጥ ሰው ግን አቅሙ ላይበቃ እንደሚችል አንክድም።

ምርጫችን ያገለገለ ላፕቶፕ ነው። በገበያችን በቀላሉ ይገኛል፤ ኪቦርድ፣ ስክሪንና የራሱ ባትሪ አለው። ባትሪው ካበጠ ግን ሳይውል ሳያድር ሊወገድ ይገባል። ትንሹ ሰሌዳ በቁጠባ ቢበልጥም፣ በማስታወሻ ካርዱ ላይ እየጻፈ ሳለ መብራት ድንገት ቢጠፋ ፋይሎቹ ሊበላሹ ይችላሉ።

ውድ ተማሪዎች፣ ቃላችንን ብቻ አትመኑ፤ ለኩ። በዲጂታል ቆጣሪያችሁ ላይ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ ብልጭ እንደሚል ተጽፎ ታገኙ ይሆናል። 1,600 ከሆነ፣ ሌላውን ዕቃ ሁሉ አጥፍታችሁ ለአንድ ሰዓት ቁጠሩ። ላፕቶፑ 19 ያህል፣ አሮጌው የጠረጴዛ ኮምፒዩተር 128 ብልጭታ ያሳያችኋል። ከዚያ በኋላ ምረጡ።