ሁለተኛ ፕላዝማ አታምጡብን!

ሰሞኑን «ጂኦሜትሪን በኦግመንትድ ሪያሊቲ» የሚል ነገር በየፖስቱ አያለሁ። ላልገባችሁ ላስረዳ። የስልኩን ካሜራ ጠረጴዛ ላይ ታነጣጥራላችሁ፣ ስክሪኑ ላይ ኮን ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብሎ ይታያል። ዞር ስትሉ ጀርባው፣ ጎንበስ ስትሉ ሥሩ ይታያል። ጂኦጄብራ የሚባለው ነፃ አፕ ይሄን ይሠራል። አፑን አልጠላሁትም፤ እንዲያውም እወደዋለሁ። የጠላሁት አመጣጡን ነው።

የኔ እኩዮች ፕላዝማን አይረሱትም። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ትምህርቱ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ፣ ለሁሉም ሃይስኩል በአንድ ሰዓት ይለቀቅ ጀመር። ለመምህሩ የተረፈችው መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ነበረች። «ቆይ፣ አልገባኝም» ብትል የሚሰማህ የለም። መብራት ከጠፋ ትምህርቱ ጥሎህ ይሄዳል። ምስሉ መጥፎ ስለነበር አይደለም ያልሠራው። መምህሩ ሊያቆመው፣ ተማሪው ሊነካው ስለማይችል ነው።

ስልኩ ላይ ያለው ኮን ግን ተማሪው ያዞረዋል፣ መምህሩ ያቆመዋል። ትልቁ ጥቅሙ ይሄ ነው። ታዲያ ለምን እንደ ፕላዝማው ከዕቃው እንጀምራለን? ካሜራው ላይ ኮን እንዲቆም ስልኩ እንቅስቃሴውን የሚለካ ጋይሮስኮፕ ያስፈልገዋል፤ አንድሮይድ ከሆነ ደግሞ ጎግል ያጸደቀው ሞዴል መሆን አለበት። እኛ ጋ የሚሸጠው ርካሽ ስልክ ብዙው ይሄን አያሟላም። ያንንም ቢሆን የያዘው ልጅ ስንት ነው?

የጃናሞራ ልጅ እኮ ኮን ውስጥ ነው የተወለደው! የጎጆው ግድግዳ ሲሊንደር፣ ክዳኑ ኮን ነው። ክቡ ቤተክርስቲያን ውስጥ መቅደሱ አራት ማዕዘን ነው። ባልዲው ፍረስተም ነው። ጎንደር የወረደ ልጅ የፋሲል ግንብን 4 ክብ ማማዎች ከነጉልላታቸው አይቷል። «ይሄን ክዳን ለመሸፈን ስንት ካሬ ሜትር ሳር ይበቃል?» ብላችሁ ገመድ ስጡትና ይለካ። የኮን የጎን ስፋት ማለት ያ ነው። ወጪው 0 ብር።

ስልኩ የሚያስፈልገው ዓይን የማይደርስበት ቦታ ነው። የሰው ቤት ክዳን ለሁለት አይቆረጥም። አፑ ላይ ግን ኮኑን ከመሠረቱ ጋር ትይዩ ስትቆርጠው ክብ፣ ትንሽ ዘንበል ስታደርግ ኤሊፕስ፣ ከጎኑ መስመር ጋር ትይዩ ስታደርግ ፓራቦላ ይወጣል። ለዚህ በመምህሩ እጅ አንድ የሚሠራ ስልክ በቂ ነው፤ ልጆቹ አምስት አምስት ሆነው እየዞሩ ያዩታል። አንዴ ከወረደ ያለ ኔት ይሠራል። ኔት ሲጠፋ ወራት ለምንቆጥር ሰዎች ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

«ስልክ ልጅ ያበላሻል፣ ደጅ ይቅር» ለምትሉም፦ ልጁ ኪስ ውስጥ ያለው ስልክና መምህሩ ለ10 ደቂቃ የሚያወጣው ስልክ አንድ አይደሉም።

ስለዚህ ከስልጠናና ከአበል በፊት ለየሂሳብ ዲፓርትመንቱ አንድ የሚሠራ ስልክ ከነፓወርባንኩ ስጡ። አጠቃቀሙን በአማርኛ ጻፉ። የቱ ርዕስ ላይ እንደሚጠቅም መምህሩን ጠይቁ።

«ዲፕሎማ ይዘህ ምን አገባህ» የሚል አይጠፋም። ፕላዝማን ያመጡት ዲፕሎማ የያዙ አልነበሩም ወንድሜ!

የምታስተምሩ፣ የናንተ ት/ቤት እንዴት ነው? ኮመንት ላይ ጻፉ፤ ለሚመለከተው እንዲደርስም ሼር አድርጉት።