የአብያታ ሐይቅ ድርሻ

በቋንቋችን ባሕርና ሐይቅ አጥብቀው አይለያዩም። የባሕር ዳር ከተማ ስሟን ያገኘችው በጣና ሐይቅ ዳርቻ በመቆርቆሯ እንጂ ከውቅያኖስ ጋር ተጎራብታ አይደለም። ስለዚህም ከአዲስ አበባ በስተደቡብ በሚገኘው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ በአንድ ወቅት ታላቅ ባሕር ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ከዛሬ 10,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ አገሩ ከአሁኑ ይልቅ ዝናባም በነበረበት ዘመን፣ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ አንድ ውሃ ነበሩ፤ የተረፈውም ወደ አዋሽ ወንዝ ይፈስ ነበር። ዛሬ ከሻላ ውሃ 100 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚታየው ነጣ ያለ ደለልና በውስጡ የሚገኘው የቀንድ አውጣ ቅርፊት የዚያ ባሕር ምስክር ነው።

አየሩ እየደረቀ ሲሄድ ባሕሩ ተከፋፈለ። ከእርሱ የተወለዱት ሐይቆች ግን አንዱ ሌላውን አይመስልም። የዝዋይ ውሃ ለዓሣና ለመስኖ የሚስማማ ነው፤ ላንጋኖ እንደ ሻይ ቡናማ ነው፤ ሻላ 266 ሜትር ጠልቆ ከአገራችን ሐይቆች ሁሉ ይበልጣል፤ በዳርቻውም ፍል ውሃ ይፈልቃል። አብያታ ጥልቀት የለውም፤ ውሃውም መራራ ነው። ሆኖም በእኔ አስተያየት ከአራቱ ውቡ እርሱ ነው። ፍላሚንጎዎች በማለዳ ዳርቻውን ሞልተው ሲቆሙ ውሃው ራሱ ቀይ ዳማ የሆነ ይመስላል። ፔሊካኖችም በሻላ ደሴት ላይ ጎጆ ሠርተው ጫጩቶቻቸውን እየፈለፈሉ፣ ዓሣ ፍለጋ ወደ አብያታ ይሻገሩ ነበር። «ነበር» ማለቴን ልብ በሉ። የአብያታ ውሃ እያነሰ ጨውነቱ በመበርታቱ ዓሣው አልቋል። በ1960ዎቹ ዓ.ም. 200 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሸፍን የነበረው ሐይቅ እኩሌታውን ያህል አጥቷል።

ምክንያቱ ስውር አይደለም። አብያታ መውጫ የሌለው፣ በጅረቱ ጫፍ የተቀመጠ ሐይቅ ነው። ከሚመግቡት ወንዞች ዋነኛው ከዝዋይ የሚወርደው ቡልቡላ ነው። (የቦሌ ቡልቡላ ልጆች ስሙ አያሳስታችሁ፤ ይህ ሌላ ነው።) ቡልቡላ የሚፈሰው ደግሞ ዝዋይ ሞልቶ ሲተርፍ ነው። ከዝዋይ፣ ከመቂና ከከታር ወንዞች እንዲሁም ከራሱ ከቡልቡላ በፓምፕ የሚሳበው ውሃ በበዛ መጠን ወደ አብያታ የሚደርሰው ያንሳል። በ1980ዎቹ ዓ.ም. ደግሞ ለመስታወትና ለሳሙና መሥሪያ የሚሆን ሶዳ የሚያመርት ፋብሪካ የአብያታን ውሃ እየሳበ ያደርቅ ጀመር።

በቦሌ፣ በገርጂ ወይም በመገናኛ የምትኖሩ ተማሪዎች ይህ የሩቅ አገር ወሬ ሊመስላችሁ ይችላል። ነገር ግን ለወጥ የሚከተፈው ሽንኩርትና ቲማቲም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከመቂና ከዝዋይ አካባቢ ነው። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ማገባደጃ ጀምሮ በዝዋይ ዳርቻ የተስፋፋው ጽጌረዳም ወደ አውሮፓ የሚላከው በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በኩል ነው። አበባው ሲጫን የሐይቁ ውሃ አብሮ ይጫናል።

«መራራ ውሃ ለምን ይጠቅማል? አይጠጣ፣ እርሻ አያጠጣ!» የሚሉ ሰዎች አሉ። ይህ ክርክር ደካማ ነው። ፍላሚንጎ የሚመገባቸው ጥቃቅን ዕፅዋት የሚራቡት በዚሁ መራራ ውሃ ውስጥ ነውና። ከዚህም በላይ አብያታና ሻላ በብሔራዊ ፓርክነት የተከለሉ ናቸው፤ የፓርኩን መሬት ከልሎ ውሃውን ከላይ መቁረጥ ግን በሩን ዘግቶ ግድግዳውን እንደ ማፍረስ ነው።

በሌላ በኩል፣ ብዙ ሺህ ሰዎች እንጀራ የሚበሉበት እርሻ ይዘጋ አልልም። የምለው ይህ ነው፦ ውሃው ለፓምፕ ከመታደሉ አስቀድሞ ለአብያታ የሚወርደው ልክ ይወሰን፤ እያንዳንዱም ፓምፕ በቆጣሪ ይለካ። በበጋ ወራት ቅነሳ ማስፈለጉ አይቀርም፤ ያን ጊዜ በአንዲት ፓምፕ ግማሽ ሄክታር ሽንኩርት የሚያጠጣው ገበሬ ቀዳሚ ተጎጂ መሆን የለበትም። ቅነሳው ከሰፋፊዎቹ እርሻዎች ይጀመር።