አንቀጽ 17 በመድረክ ላይ

"ውጫሌ" ሲባል አብዛኞቻችን ጆሮ ላይ የሚመጣው የታሪክ መምህራችን ድምፅ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም.፣ ምኒልክ፣ አንቶኔሊ፣ አንቀጽ 17፣ ከዚያ አድዋ። ለፈተና ሸምድደን ከፈተና በኋላ የረሳነው ነገር። "አምባሰል" ሲባል ደግሞ ዘፈን ይመጣብናል። ከትዝታ፣ ከባቲና ከአንቺሆዬ ጋር ከሚቆጠሩት አራት ቅኝቶች አንዱ በዚህ አገር ስም ይጠራል፤ የማሪቱ ለገሠ ስምም ከአምባሰል ተነጥሎ አይነሳም። ሁለቱ ስሞች የሚገናኙት ደግሞ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ ሐይቅን አልፋችሁ የምታገኟት ውጫሌ የአምባሰል ወረዳ ዋና ከተማ ናት።

ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩት ግን ስለ ውልም ስለ ተራራም አይደለም። ስለ መብራት ነው። (ስለ መሄዱና ስለ መምጣቱ አይደለም፤ እሱን ለሌላ ቀን እናቆየው።) የማወራው ስለ መድረክ መብራት ነው፤ በተለይ ደግሞ አምስት ስድስት ሆነው ሰርግ ለሰርግ፣ ሆቴል ለሆቴል፣ ምረቃ ለምረቃ ስለሚዞሩ ትናንሽ ባንዶች መብራት።

"ታዲያ ውጫሌን ምን አመጣት?" ትሉኝ ይሆናል። አንቀጽ 17 ለምን እንዳጣላ እስኪ አስታውሱ። ውሉ አንድ ነበር፣ ቋንቋው ግን ሁለት። የአማርኛው ቅጂ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች የአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት በኩል መጠቀም "ይቻላቸዋል" ሲል፣ የጣልያንኛው ግዴታ አደረገው። የትናንሽ ባንዶቻችን መድረክም እንደዚያ ሆኗል። ዘፋኙ በአንድ ቋንቋ ይናገራል፣ መብራቱ በሌላ ይተረጉመዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንበልና ውጫሌ ወይም ሐይቅ ውስጥ አንድ ባንድ አለ። አንድ ኪቦርድ፣ አንድ ቤዝ፣ ድራም፣ ማሲንቆ፣ ሁለት ዘፋኝ። ጥር ሲመጣ ሥራ ይበዛል፣ ከፋሲካ በኋላ እንደገና ይበዛል፣ በመሀል ይቀዘቅዛል። የተገኘችው ብር ለሞንታርቦ፣ ለሚክሰር፣ ለማይክ ትውላለች፤ ልክ ነው፣ ድምፅ ይቅደም። የተረፈችዋ ሳንቲም ደግሞ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ እያፈራረቀች የምትሽከረከር የዲስኮ መብራት ትገዛለች። መብራቷ ትሰካለች፣ "ሳውንድ" የሚለው ቁልፍ ይጫናል፣ በቃ። ከዚያ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ የሚነካት የለም።

ይህች ማሽን ሙዚቃ የምትሰማ እንዳይመስላችሁ። ሆዷ ውስጥ ያለችው ትንሽ ማይክ የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጩኸት። ጠንከር ያለ ድምፅ በመጣ ቁጥር ቀለም ትቀይራለች። ድራሙ በሚደልቅበት የጭፈራ ዘፈን ላይ ይሄ ብዙም አይከፋም። ግን አምባሰል ሲጀመርስ? ዘፋኟ ድምፅዋን ቀስ አድርጋ ትለቃለች፣ ማሲንቆው ከኋላ ከኋላ ይከተላታል፣ ድራም የለም። በዚያ ሰዓት ማሽኗ የምትሰማው የጄኔሬተሩን ድምፅ፣ የጠርሙስ ኮሽታና የልጆች ጩኸት ነው። ዘፋኟ ትንፋሿን በያዘችበት ቅጽበት አረንጓዴ፣ የስንኙ ወርቅ በሚወጣበት ቃል ላይ ሰማያዊ! ሽማግሌ ተነስተው ሲመርቁም ያው ነው፤ ሕዝቡ "አሜን!" ባለ ቁጥር መብራቱ ይዘላል።

አቋሜ አጭር ነው። ትንሽ ባንድ መብራት የሚያስፈልገው ለመታየት እንጂ ለማብለጭለጭ አይደለም። መብራቱንም ሰው ይምራው፤ ያ ሰው ደግሞ ዘፈኑን የሚያውቅ ይሁን።

"አዝማሪ ድሮ በምን መብራት ነው የዘፈነው?" የሚል ወዳጅ አይጠፋም። ጥሩ ጥያቄ ነው። አዝማሪ የሚዘፍነው ከእናንተ አንድ ክንድ ርቆ ነው። ኩራዝም ቢሆን ፊቱ ይታያል፤ ግጥሙን ወደ እናንተ ሲያዞር ዓይኑን ታያላችሁ፣ በቅንድቡ ምን እንዳለ ይገባችኋል። መድረክ ግን ዘፋኙን ከፍ አድርጎ አራቀው። ሞንታርቦ ድምፁን መልሶ አቀረበልን፤ ፊቱን ማን ያቅርብልን? ይሄ የመብራት ሥራ ነው። በሰምና ወርቅ የሚዘፍን ሕዝብ ፊት ማየት አለበት፤ ግማሹ ትርጉም ያለው እዚያ ነውና። እስክስታም ትከሻና አንገት ነው፤ ማሲንቆም ባለ አንድ ጅማት መሣሪያ ስለሆነ ጥበቡ ያለው በጣቶቹና በደጋኑ እጅ ላይ ነው። እነዚህ ካልታዩማ ፍላሽ ሰክቶ ማጫወት ይበቃ ነበር።

ሌላው የኛ ጣጣ ልብሱ ነው። የባህል ልብሳችን በአብዛኛው ነጭ ነው፣ ፊታችን ጠይም። ነጭ ጨርቅ የወደቀበትን ብርሃን አብዛኛውን ይመልሰዋል፤ ጠይም ፊት ብዙውን ይውጠዋል። ስለዚህ ቀይ ሲበራ ቀሚሱ ይነድዳል፣ ፊቱ ይጠፋል። ሰማያዊ ሲሆን ይብሳል። የስልክ ካሜራ ደግሞ ብዙ ጊዜ በደማቁ ነገር ተታልሎ ብርሃኑን ይቀንሳል፤ ቀሚሱን አድናለሁ ሲል ፊቱን ያጨልመዋል።

ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። የዛሬ ባንድ የሚቀጥለውን ሰርግ የሚያገኘው በአብዛኛው ከስልክ ነው። አንዱ ይቀርጻል፣ ቴሌግራም ላይ ወይም ቲክቶክ ላይ ይለቀዋል፣ ሌላው አይቶ "ይቺ ልጅ ማናት?" ብሎ ይደውላል። በቪዲዮው ላይ ያለው አረንጓዴ ጭጋግና አንድ ነጭ ቀሚስ ብቻ ከሆነ ማን ብሎ ይጠይቃል? ድምፅዋን ሰምቶ መልኳን ያላየ ሰው በሚቀጥለው ወር መንገድ ላይ ቢያገኛት አያውቃትም። የክፍለ ሀገር ልጅ ቪዲዮውን እንደገና የሚያቀርጽበት ስቱዲዮ የለውም፤ ያቺ ሌሊት ናት ያለችው።

እሺ፣ ምን ይደረግ? ለትንሽ መድረክ አራት ኤልኢዲ ፓር ይበቃል። ሁለቱ ከፊት፣ አንዱ ከግራ አንዱ ከቀኝ፣ በስታንድ ከፍ ብለው ዘፋኙን ይዩ፤ ቀለማቸው ሞቅ ያለ ነጭ ይሁን። ይሄ አዲስ ግኝት አይደለም፤ በየል ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ስታንሊ ማካንድለስ እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው መጽሐፍ ተዋናይን ከሁለት ጎን በ45 ዲግሪ ማብራት ፊትን ቅርጽ እንደሚሰጠው አስተምሯል። 45 ዲግሪ ማለት መብራቱ ከፊታችሁ በላይ የወጣውን ያህል ከእናንተ መራቁ ነው። ድንኳን ውስጥ ይሄ ላይሳካ ይችላል፤ ቢያንስ ግን መብራቱ ከዓይን በላይ ይሁን። መሬት ላይ ተቀምጦ ወደ ላይ የሚያበራ መብራት ሰውን ጅብ ያስመስላል።

ሦስተኛው ከጎን ይሁን፣ ለጨፋሪዎቹና ለማሲንቆው። የጎን ብርሃን ትከሻን ከደረት ለይቶ ያወጣል፤ እስክስታ የሚፈልገው ይሄንን ነው። አራተኛው ከኋላ ይሁን። ቀለም የወደደ ሰው እዚህ ላይ እንደፈለገ ይጫወት፤ ከኋላ የመጣ ቀይም ሆነ ሰማያዊ ፊትን አያበላሽም። ሕጉ ለመያዝ ቀላል ነው፦ ነጭ ከፊት፣ ቀለም ከኋላ።

ስትገዙ ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። መብራቱ ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ሌላ የራሱ ነጭ ወይም አምበር ያለው ይሁን፤ ሦስቱ ብቻ ተደባልቀው የሚሰጡት ነጭ ሰውን የታመመ ያስመስላል። ሁለተኛ፣ መብራቱን ዝቅ አድርጋችሁ በስልክ ቅረጹት፤ ቪዲዮው ላይ መስመር መስመር የሚሠራ ወይም የሚርገበገብ ከሆነ ተዉት።

አሁን ወደ ቁጥጥሩ እንምጣ፤ ዋናው ነገር እዚህ ነው። የመድረክ መብራቶች የሚነጋገሩበት ዲኤምኤክስ 512 የሚባል ቋንቋ አለ። እ.ኤ.አ. በ1986 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ስምምነት ነው። በአንድ መስመር 512 ቻናል ይሄዳል፣ እያንዳንዱ ቻናል ከ0 እስከ 255 ዋጋ ይይዛል። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ነጭ ያለው ቀላል መብራት አራት ቻናል ይወስዳል እንበል፤ የመጀመሪያው አድራሻ 1 ከሆነ የሚቀጥለው 5 ላይ ይጀምራል ማለት ነው። ሁለቱ የፊት መብራቶች አንድ ላይ እንዲሠሩ ከፈለጋችሁ አንድ ዓይነት አድራሻ ስጧቸው። ገመዱ ከኮንትሮለሩ ወደ አንደኛው፣ ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው እየተቀጠለ ይሄዳል፤ መጨረሻው ላይ 120 ኦም መዝጊያ ይሰካል። መብራቶቹ ያለ ምክንያት ሲያብዱ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የዚህ መዝጊያ አለመኖር ወይም በዲኤምኤክስ ገመድ ፋንታ የማይክ ገመድ መዘርጋቱ ነው። የዚህ ውል ውበቱ ታዲያ ማንም ፋብሪካ ቢሠራው አንድ ትርጉም ብቻ ያለው መሆኑ ነው! 255 ካላችሁ 255 ነው። አንቶኔሊ የለበትም።

ትንሽ ኮንትሮለር ላይ አራት ነገር ቀድማችሁ አስቀምጡ። አንደኛ ለዝግታ ዘፈን፦ የፊቱ ሞቅ ብሎ፣ የኋላው ደብዘዝ ብሎ፣ ምንም ሳይንቀሳቀስ። ሁለተኛ ለጭፈራ፦ የጎኑ ይጨመር፣ የኋላው ቀለም ይቀያየር። ሦስተኛ ለምርቃትና ለንግግር፦ ነጭ ብቻ። አራተኛ በዘፈን መሀል ለሚመጣው ጸጥታ፦ ዝቅ ያለ። ሌሊቱን ሙሉ የሚሠራው ሥራ ከአንዱ ወደ ሌላው በሰዓቱ መሻገር ብቻ ነው። ሰዓቱን የሚያውቀው ደግሞ ልምምድ ላይ የተቀመጠ ሰው ነው። ከባንዱ ጋር የሚዞር አንድ ልጅ ሁልጊዜ አለ፤ ዕቃ የሚያወርድ፣ ገመድ የሚጠቀልል። ለእሱ ስጡት። መድረኩ ፊት ለፊት ይቀመጥ። እና እባካችሁ ድርሻ ክፈሉት፤ ከዚያች ሌሊት ጀምሮ እሱም የባንዱ አባል ነው።

"ሰርገኛው የሚወደው ብልጭልጩን ነው" የምትሉኝን ሰምቻለሁ። ውሸት አይደለም። ግን በርበሬ ይጣፍጣል ተብሎ ወጡ በሙሉ በርበሬ አይሆንም። ከመጀመሪያው ዘፈን ጀምሮ የሚያብለጨልጭ መብራት ሦስተኛው ዘፈን ላይ ማንም አያየውም። ለመጨረሻዋ ሰዓት አቆዩትና ሙሽሮቹ ሲነሱ ልቀቁት፤ ያኔ ቤቱ እንዴት እንደሚሆን ታያላችሁ። ፈጥኖ የሚበራና የሚጠፋውን ስትሮብ ግን ተዉት። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1997 ጃፓን ውስጥ በአንድ የፖኬሞን ካርቱን ላይ ቀይና ሰማያዊ ተፈራርቆ ስለበራ ከ600 በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ልጆች፣ ሐኪም ቤት ገብተዋል። ሰርግ ቤት ደግሞ ልጅ አይጠፋም።

"ብር ከየት?" ለምትሉም፣ የሳውንዱን ቁልፍ ማጥፋት በነጻ ነው። ያለችውን መብራት አንድ ቀለም ላይ አቁማችሁ ከኋላ አድርጉና ከፊት ሁለት ብቻ ግዙ፤ ቀሪው ይደርሳል። ርካሽ ነው ብላችሁ ደግሞ አሮጌ ባለ 1000 ዋት ፓውዛ አትሰብስቡ። በ220 ቮልት አንዱ 4.5 አምፔር ገደማ ይስባል፤ አራቱ 18። ይሄንን በአንድ ሶኬትና በተጠቀለለ ኤክስቴንሽን ላይ መጫን ድንኳን ማቃጠል ነው። እያንዳንዳቸው ከ100 ዋት የማይበልጡ አራት ኤልኢዲዎች ግን ሁሉም ተደምረው 2 አምፔር አይሞሉም፤ መብራት ሲሄድ ትንሽ ጄኔሬተርም ትችላቸዋለች።

የሚያሰጋኝ ግን ከብሩም ከገመዱም በላይ ሌላ ነው። ማሽኗ የምትወደው ድልቂያ ነው። አዳራሹ በድልቂያ ሲያብለጨልጭ፣ በዝግታ ዘፈን ግን ዝም ብሎ ሲቅበዘበዝ፣ ቀስ በቀስ ባንዱም የዝግታውን ዘፈን ይተዋል፤ "ሰው አይወደውም" ይባላል። ሰውየውማ አላየውም እኮ! በአምባሰል አገር አምባሰል ከሰርግ ቤት ቢወጣ ጥፋቱን በሕዝቡ ጣዕም ላይ ከማሳበባችን በፊት፣ እስኪ አንድ ሌሊት ፊቷን አብርተን እንሞክረው።

መብራት ማብለጭለጭ ይቻለዋል። ግዴታው ግን አይደለም። ይህንን ልዩነት ከውጫሌ በላይ ማን ያውቃል?

ቸር እንሰንብት።