ለደፈረሰው ውኃ ዘበኛውን እናባርር?



እንደሚታወቀው የጋራ ሮቷችን ውኃ ከደፈረሰ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። ስለዚሁ ጉዳይ ባለፈው ስብሰባ ብዙ ተብሏል። ከተባለውም ሁለት ነገር ጎልቶ ወጥቷል። አንደኛው፣ ሮቶው ስላረጀ በማኅበሩ ገንዘብ አዲስ ይገዛ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ሌሊት ውኃ የሚከፍተው ዘበኛ ሥራውን ስለማያውቅ ይሰናበት የሚል ነው። እኛ በሁለቱም አንስማማም። በስብሰባ ጫጫታ ሁሉም ነገር አይሰማምና ምክንያታችንን ጽፈን መለጠፉን መርጠናል።

በመጀመሪያ የራሳችንን ጥፋት እንናገር። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባላል። ውኃው መደፍረሱ ሲነገረን እኛ ያደረግነው በረኪና መጨመር ነበር። አልጠራም። ደግመን ጨመርን፤ አሁንም አልጠራም። በሦስተኛው ሽታው ሰውን እስኪያስነጥስ ደረሰ፣ ድፍርሱ ግን ያው ነው። ለካስ በረኪና ጀርም ይገድላል እንጂ ጭቃ አያጠራም። እንዲያውም ቆሻሻው የበረኪናውን ኃይል ይጨርሰዋል፤ ጀርሙም በአፈሩ ውስጥ ይደበቃል። ስለዚህ በረኪና በረኪና ስለ ሸተተ ብቻ ውኃው ንጹሕ ነው ብሎ ለልጅ መስጠት ትልቅ ስሕተት ነው።

በኋላ አንዲት እናት «ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ከመንገዱ መስመርና ከሮቶው ለየብቻ ቅዱና እዩት እንጂ!» አሉን። እንዳሉት በሁለት ብርጭቆ ቀዳን። ውኃ መጥቶ ጥቂት ከፈሰሰ በኋላ ከመስመሩ የቀዳነው ጥርት ያለ ነው። ከሮቶው የቀዳነው ግን አተላ ይመስላል። አሳድረን ስናየው ከብርጭቆው ሥር አፈር ተኝቷል። ሁለት ወር ሙሉ የተጨቃጨቅንበትን ነገር ሁለት ብርጭቆ ፈታው።

ይህ የብርጭቆ ነገር ለየቤታችሁም ይጠቅማል። ውኃው ወተት መስሎ ወርዶ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከታች ወደ ላይ እየጠራ ከሄደ፣ አየር ነው፤ አይጎዳም። ሥሩ ላይ አፈር ከተኛ ደለል ነው። ሲቀዳ ጠርቶ፣ ቆይቶ ወደ ቀይነት ካደላ ብረት ያለበት ነው። አረንጓዴ ከሆነ በርሜሉ ብርሃን እያስገባ ነውና ይሸፈን። መልኩን ሳይለዩ መድኃኒት መጨመር ገንዘብ መጣል ነው።

ከዚያም ሮቶውን ከፍተን አየን። ክዳኑ ተሰንጥቋል። ሥሩ ላይ አንድ ስንዝር የሚሆን ጭቃ ተኝቷል። መውጫው ቧንቧ ደግሞ ከጭቃው እኩል ነው። ውኃ ከላይ በወረደ ቁጥር ጭቃው ይታመሳል፤ ያንኑ እንቀዳለን።

ጭቃው ከየት መጣ? ውኃችን የሚመጣው በፈረቃ ነው። መስመሩ ባዶ ሆኖ ሲሰነብት፣ በተሰነጠቀው በኩል ከውጭ ቆሻሻ ሊገባበት ይችላል። ውኃው በኃይል ሲመለስም በቧንቧው ውስጥ የተኛውን ሁሉ ጠራርጎ ያመጣል። በክረምት ደግሞ እንደ ለገዳዲና ገፈርሳ ወዳሉት ግድቦች ጎርፉ አፈር ይዞ ስለሚገባ የማጣራቱ ሥራ ይከብዳል። እንግዲህ የመጀመሪያው ውኃ ቆሻሻው ነው። ዘበኛችን ታዲያ ያንን ለምን አስገባ? «ጠብ እንዳለች ክፈት፣ አንዲት ጠብታ እንዳታመልጥህ» ብለን ያዘዝነው እኛው ነን እኮ! በእንቅልፍ ሰዓቱ ተነሥቶ ትእዛዛችንን የፈጸመን ሰው ከእንጀራው ማፈናቀል ግፍ ነው።

ስለ አዲሱ ሮቶም ቢሆን እናስብ። በካዝናችን ያለው ገንዘብ ለዘበኛ ደመወዝና ለመንገድ መብራት የተዋጣ ነው። በዚያ ሮቶ ብንገዛ፣ አከፋፈታችን ካልተለወጠ በጥቂት ወር ውስጥ እሱም ጭቃ ይጠጣል። ያን ጊዜ ውኃውም ድፍርስ፣ መንገዱም ጨለማ ይሆንብናል።

በመሆኑም የሚከተለውን እናሳስባለን።

1ኛ. በመጪው ቅዳሜ ጧት ሮቶው ይታጠባል። ጭቃው ወጥቶ ግድግዳው በብሩሽ ከተፈገፈገ በኋላ፣ በ10 ሊትር ውኃ 40 ሚሊ ሊትር ባለ 5 በመቶ በረኪና በጥብጠን እንቀባዋለን፤ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ይታጠባል። ሮቶ ሙሉ ውኃ መድፋት አያስፈልግም። ውስጥ የሚገባ ሰው ብቻውን አይገባም፤ ሌላው ደጅ ቆሞ ይጠብቀው። በረኪና ከሽንት ቤት አሲድ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀል፤ መርዛም ጋዝ ያወጣል።

2ኛ. ክዳኑ ይለወጣል፤ መውጫው ቧንቧም ከሥሩ ጥቂት ከፍ ይደረጋል።

3ኛ. ውኃ ሲመጣ የመጀመሪያው ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ ወደ ሮቶ አይገባም። «በዚህ የውኃ ችግር ውኃ ይደፋ ወይ?» የሚሉ አሉ። ማን ይደፋዋል! በባልዲ ተይዞ ለወለል፣ ለሽንት ቤትና ለችግኝ ይሆናል። ዘበኛው ብቻውን ስለማይችለው በየሌሊቱ ከአንድ ቤት አንድ ሰው በተራ ያግዘው።

4ኛ. ሮቶው እስኪታጠብ ድረስ የመጠጥ ውኃ አሳድሩ፤ ከላይ የጠለለውን ቀድታችሁ በታጠፈ ንጹሕ ነጠላ አጥልሉት። ከዚያ አፍሉት። ከተማችን ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ነዳጅና ከሰል ያጠረው፣ ሽቶ የሌለው ባለ 5 በመቶ በረኪና ለአንድ ሊትር ሁለት ጠብታ አድርጎ ግማሽ ሰዓት ያቆየው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ቅዳሜ ባልዲና ብሩሽ ይዛችሁ ኑ። ሥራው ካለቀ በኋላ ከሮቶው አንድ ብርጭቆ ቀድተን እዚሁ ሰሌዳ ሥር እናኖራለን፤ እያንዳንዱ ሰው በዓይኑ ይፍረድ። ያኔም ካልጠራ ስለ አዲሱ ሮቶ ለመነጋገር ዝግጁ ነን። የዘበኛው ነገር ግን ከአሁኑ ይዘጋ።

የማኅበሩ ጸሐፊ