የመንግሥትን ገንዘብ ስለሚያስተምር መምህር

ቀድሞ ኢኮኖሚክስ የሚባለው ትምህርት ከ11ኛ ክፍል ጀምሮ፣ ያውም የኅብረተሰብ ሳይንስን ለመረጡት ብቻ ይሰጥ ነበር። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ግን ከ9ኛ ክፍል ይጀመራል። ስለዚህ ዛሬ የ15 ዓመት ልጅ ስለ ግብርና ስለ በጀት መምህሩን ይጠይቃል። ስለ ገበያ ሲያስረዳ ድምፁ የጸና መምህር ወደ መንግሥት ገቢና ወጪ ሲደርስ ቃሉን ያሳጥራል፤ ትርጓሜውን በሰሌዳ ጽፎ «ገልብጡ» ብሎ ያልፋል። ይህን የምንጽፈው መምህራንን ለመንቀፍ አይደለም፤ ፍርሃታቸው ከስንፍና የመጣ አይደለምና።

በአንድ በኩል መጽሐፉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሲሆን ተማሪው የሚጠይቀው በእናቱ ቋንቋ ነው። አባቶቻችን ግን ለዚህ ጉዳይ ቃል አላጡም፤ ግምጃ ቤት፣ በጅሮንድ፣ ቀረጥ ይሉ ነበር። ባላገሩ ለንጉሥ የሚያገባውም፣ ንጉሡ ለሠራዊቱ የሚያበላው ማዕድም በአንድ ስም ግብር መባሉን መምህሩ ቢያነሣ፣ ገቢና ወጪ የተያያዙ መሆናቸውን ልጆች ሳይደክሙ ያስተውሉታል።

በሌላ በኩል ሕጉ ይለወጣል። በ2008 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ከግብር ነጻ የነበረው የወር ደመወዝ እስከ 600 ብር ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ማሻሻያ ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ። የቀድሞውን ቁጥር በማስታወሻው የያዘ መምህር በተማሪው ሲታረም ያፍራል። በእኛ አሳብ ግን ቁጥር መሳት ትንሽ ነገር ነው፤ የሚከፋው አሠራሩን አለማወቅ ነው። ብዙ ሰው፣ የተማረውም ጭምር፣ ደመወዙ ከፍ ወዳለው እርከን ሲገባ አዲሱ ግብር በጠቅላላው ደመወዝ ላይ የሚቆረጥ ይመስለዋል፤ ስለዚህም ጭማሪ የሚፈራ አለ። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ከ14,000 ብር በላይ ባለው ገቢ ላይ ግብሩ 35 በመቶ ነው። 14,000 ብር የሚያገኝ ሰው 100 ብር ቢጨመርለት፣ 35 በመቶው የሚታሰበው በዚያው በ100 ብሩ ላይ ብቻ ነው፤ ጡረታውን ሳንቆጥር 65 ብር ይተርፈዋል፤ በፊተኛው ገንዘብ ላይ ያለው ግብር አይነካም።

ይህን ለማስረዳት መምህሩ ራሱ ከሚቀበለው የደመወዝ ወረቀት የተሻለ መጽሐፍ የለም። ደመወዙ የመጣበት መንገድም ትምህርት ነው፤ የፌዴራሉ መንግሥት ለክልሎች ድጎማ ይሰጣል፣ ክልሉ ለወረዳው ያካፍላል፣ ወረዳውም ለመምህሩ ይከፍላል። እናትም ከሱቅ የተቀበለችውን ደረሰኝ ብትሰጠው፣ ልጁ 15 በመቶውን የተጨማሪ እሴት ታክስ በዓይኑ ያያል።

የቀረው ፍርሃት ከሁሉ ይከብዳል። ልጅ ተነሥቶ «ገንዘቡስ ለታሰበለት ሥራ ይውላልን?» ሲል፣ መምህሩ ነገር እንዳይመጣበት ዝም ይላል። ጥያቄው ግን በደንብ የሚመለስ ነው። በጀቱን የሚኒስትሮች ምክር ቤት እንደሚያዘጋጅ፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንደሚያጸድቅ፣ ዋናው ኦዲተርም ሒሳቡን መርምሮ ያገኘውን ጉድለት ለዚሁ ምክር ቤት እንደሚያቀርብ መናገር ማንንም መስደብ፣ ማንንም ማወደስ አይደለም። በዕድራችን ገንዘብ ያዡ ሒሳብ ሲጠየቅ ማን ይቀየማል? መምህሩ የማያውቀው ነገር ቢመጣም «ፈልጌ በሚቀጥለው ሰዓት እነግራችኋለሁ» ብሎ ቃሉን ቢጠብቅ፣ ተማሪዎቹ ያከብሩታል እንጂ አይንቁትም።

አንድ ችግር ግን ከመምህሩ እጅ ውጭ ነው። የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ስለ ሆነ፣ በጀቱ በምክር ቤት የሚነገርበት ጊዜ ትምህርት ከሚያልቅበት ጋር ይገጥማል። በዚያ ወራት ሬዲዮው ስለ በጀት ሲያወራ ልጁን ደብተሩን ይዞ ከአጠገባችን እናስቀምጠው፤ እርሱም እኛም ያልገባንን ቃል ይጻፍ፤ በመስከረምም ለመምህሩ ይውሰድለት።