«የአባቴ ሰዓት የልጆቼን ምዝገባ ልትበላ ነው»

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የዚህ ዓምድ የዘወትር አንባቢ ነኝ። የሌላውን ሰው ችግር ሳነብ «ይሄ ሰውዬ እንዴት እዚህ ውስጥ ሊገባ ቻለ?» እያልኩ ስፈርድ ኖሬ፣ ዛሬ ተራው የኔ ሆነና ይኸው ብዕሬን አነሳሁ።

ዕድሜዬ 44 ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ስሆን የምተዳደረው አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ድርጅት በሒሳብ ሠራተኛነት ነው። አባቴ ካረፈ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ከእጁ የማትለየውን የስዊስ አውቶማቲክ ሰዓት አውልቆ «የበኩር ልጅ አንተ ነህ» ብሎ እጄ ላይ አሰረልኝ። በወጣትነቱ ለትምህርት ውጭ ሀገር በሄደበት ጊዜ ከኪስ ገንዘቡ ቆጥቦ የገዛት ናት። ልጅ ሆኜ ጆሮዬን እጁ ላይ ለጥፌ ድምጿን እየሰማሁ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

አምና ሰዓቷ ወደኋላ መቅረት ጀመረች። መጀመሪያ በቀን 5 ደቂቃ፣ ቆየት ብሎ 20 ደቂቃ። አንድ ሰዓት ሠሪ ዘንድ ወሰድኳት። ከጀርባዋ ከፍቶ ዘይት ጠብ አደረገባትና «ጨርሻለሁ» አለኝ። ሦስት ወር ሠርታ ቀጥ አለች። ሁለተኛው ደግሞ ገና ሲያያት «መለዋወጫ የላትም፣ እኔ አልነካትም» ብሎ መለሰልኝ። በመጨረሻ አሜሪካ ላለው ታናሽ ወንድሜ በሰው ላክኋት። እሱም ለፋብሪካው የአገልግሎት ማዕከል አስረከባት። ከዚያ የመጣው የዋጋ ማቅረቢያ 850 ዶላር ይላል! የሚቀልድብኝ መስሎኝ ነበር። መልስ እንድንሰጥ የቀረን ጊዜ ሦስት ሳምንት ነው።

በዚያው ሰሞን የእቁብ ዕጣ ወጣልኝ። ገንዘቡ ለልጆች ምዝገባና ለመጀመሪያው ተርም የታሰበ ነበር። እኔ ግን ለባለቤቴ «ዕጣው ገና ነው» ብዬ ለወንድሜ እንዲደርሰው አደረግሁ። ምን ዋጋ አለው፣ እሷ ለቅሶ ቤት ከእቁባችን ዳኛ ጋር ተገናኝታ «እንኳን ደረሳችሁ!» አላት። ማታ ቤት ስገባ የጠበቀችኝን አልነግራችሁም። «ለሞተች ሰዓት ብለህ የልጆቼን ትምህርት ቤት ሸጥክ» ነው ያለችኝ። ይኸው ከልጆቹ ጋር መተኛት ከጀመረች ሁለት ሳምንት ሆናት። «ሽጣትና ገንዘቡን መልስ» ትላለች። ወንድሜ ደግሞ «ከሸጥካት ወንድሜ አይደለህም» ይላል። ምዝገባው ሊዘጋ አሥር ቀን ቀርቶታል። ለመሆኑ 850 ዶላር ማጭበርበር አይደለም? ምን ትመክሩኛላችሁ?

ስሜ ይቆይልኝ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦

ውድ ጠያቂያችን፣ በደብዳቤዎ ውስጥ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው የሰዓቷ ዋጋ ነው፤ እሱን ጠይቀዋል። ሁለተኛው «ዕጣው ገና ነው» ያሏት ነገር ነው፤ እሱን ግን አልፈውት ሄደዋል። እኛ ሁለቱንም እንነካካዋለን፤ አይቀየሙን።

850 ዶላር ለምን?

ማጭበርበር አይደለም። በአሜሪካ ታዋቂ የስዊስ ፋብሪካዎች ሦስት ቆጣሪ ብቻ ላላት ተራ አውቶማቲክ ሰዓት የሚጠይቁት ሰርቪስ ከ700 እስከ 1000 ዶላር አካባቢ ነው። እንደ ውድድር ሰዓት እየተጫኑ የሚያስነሷቸው ክሮኖግራፍ የሚባሉት ደግሞ ከ1000 ዶላር በላይ መሄዳቸው የተለመደ ነው።

ምክንያቱን ለማወቅ መኪና ያስቡ። ባትሪ የሌላት ሰዓት ሞተር ናት። ጉልበቷን የምታገኘው ከተጠቀለለ ሞላ ነው። ጉልበቱ በጥርሳ ጥርሶች አልፎ እንደ ልብ የምትመላለሰዋን ትንሽ ሽክርክሪት ይመታል። በአሮጌዎቹ ሰዓቶች ዘንድ የተለመደው በሰዓት 18,000 ምት ነበር። ይህ በቀን 432,000 ምት ማለት ነው። የዛሬዎቹ ብዙዎቹ በሰዓት 28,800፣ በቀን 691,200 ይመታሉ። መኪናዎ ሌሊት ይቆማል፤ ይቺ ግን እርስዎ ተኝተውም ትሠራለች። ይሄ ሁሉ እንቅስቃሴ የሚካሄደው በዓይን በማትታይ የዘይት ጠብታ ላይ ነው። ዘይቱ ዓመታት ሲያልፉ ይደርቃል፤ ያን ጊዜ ብረት ብረትን መብላት ይጀምራል። የአባትዎ ሰዓት ወደኋላ የቀረችው «ዘይቴ አልቋል» ስትል ነበር።

ስለዚህ ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ጊዜ ይቆርጣሉ። ኦሜጋ ከ5 እስከ 8 ዓመት፣ ሮሌክስ በ10 ዓመት ገደማ አንድ ጊዜ ሰርቪስ ትግባ ብለው ይመክራሉ። ሰርቪስ ሲባል ታዲያ ያ የመጀመሪያው ሰው እንዳደረገው ከላይ ዘይት ጠብ ማድረግ አይደለም። ያ የተቃጠለ ዘይት ላይ አዲስ ዘይት እንደመጨመር ነው፤ ቆሻሻውን ከጥርሱ ጋር ያቦካዋል። እውነተኛው ሰርቪስ ሞተር ማውረድ ነው። ከመቶ የሚበልጡ ዕቃዎች አንድ በአንድ ይፈታሉ፣ ይታጠባሉ፣ በአጉሊ መነጽር ይመረመራሉ። የተበላው ይቀየራል። ሞላውና ውሃ እንዳያስገባ የሚከላከለው ጎማ በአዲስ ይተካል። ከዚያ እየተገጣጠመ ለየቦታው የተለያየ ዓይነት ዘይት በመርፌ ጫፍ ይደረግለታል። በመጨረሻም ሰዓቷ በጀርባዋም በጎኗም እየተገለበጠች አካሄዷ ይስተካከላል፣ ውሃ ማስገባቷ ይፈተሻል፣ ለቀናት ትታያለች።

ይህን የሚሠራው ሰው ነው፤ ሰውየው ደግሞ ብርቅ ሆኗል። በ1969 እ.ኤ.አ. የጃፓኑ ሴይኮ የመጀመሪያውን ባለባትሪ የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ለገበያ ካወጣ በኋላ የስዊስ ሙያተኛ ተበተነ። በ1970 እ.ኤ.አ. ወደ 90,000 የነበረው የስዊስ ሰዓት ሠራተኛ በ1980ዎቹ አጋማሽ ወደ 30,000 ገደማ ወርዷል። በዚያ ላይ አንዳንዶቹ ፋብሪካዎች መለዋወጫቸውን ለውጭ ሠሪ አይሸጡም። ሁለተኛው ሰዓት ሠሪ «አልነካትም» ያለዎት ሰንፎ ላይሆን ይችላል። እንዲያውም ሐቀኛ ሰው ነበር፤ ሊያመሰግኑት ይገባል።

ለኛ ሀገር ሰው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። ያን ጊዜ 850 ዶላር ማለት 48 ሺህ ብር ያህል ነው። ጥቂት ወራት ሳይሞላ ዶላሩ መቶ ብርን አለፈ፤ ያው 850 ዶላር ከ85 ሺህ ብር በላይ ሆነ። ስዊሶቹ አንዲት ሳንቲም ሳይጨምሩ የአባትዎ ሰዓት በኛ ብር ተወደደች።

ከዋጋው ላይ ምን ይቀነሳል?

ወንድምዎ የዋጋ ማቅረቢያውን ዝርዝር ይጠይቅ። የግድ የሚያስፈልገው የትኛው ነው? ካልፈለጉ የሚቀረውስ? ቀፎውን ማሳመር፣ ፊቷን መቀየር፣ አዳዲስ ቆጣሪ ማድረግ፣ ማሰሪያ መለወጥ የሚሉ ነገሮች ካሉበት «አይሆንም» ይበል፤ በጽሑፍም ይስጥ። ይሄ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። አሮጌ ሰዓት በተሞረደና ፊቷ በተቀየረ ቁጥር በሰብሳቢዎች ዘንድ ዋጋዋ ይወርዳል። ለእርስዎም ቢሆን አባትዎ ያዩባት የነበረችው ያቺው የደበዘዘች ፊት ናት። የተቀየሩ ዕቃዎችን ይመልሱ እንደሆነም አስቀድሞ ይጠየቅ።

ሌላም መንገድ አለ። በአሜሪካ በአሮጌ ሰዓት የሠለጠኑ፣ ከፋብሪካ ውጭ የሚሠሩ ሙያተኞች ብዙ ጊዜ በጣም ባነሰ ዋጋ ይሠራሉ። ወንድምዎ የምስክር ወረቀቱን አይቶ፣ ሙሉ በሙሉ ፈትቶ እንደሚያጥብ አረጋግጦ፣ ለሥራው ዋስትና ተቀብሎ ይስጥ። ኦሜጋና ሮሌክስ ለሰርቪሳቸው የ2 ዓመት ዋስትና ይሰጣሉ። የግሉ ባለሙያም የሆነ ዋስትና ሊኖረው ይገባል።

ሰዓት ይጠብቃል፣ ምዝገባ አይጠብቅም

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የቸኮሉት «ሰዓቷ ልትሞትብኝ ነው» ብለው ይመስለናል። አትሞትም! የቆመች ሰዓት ዕረፍት ላይ ናት። የሚጎዳት ዘይቷ ደርቆ እያለ መሥራቷ ነው። ሳትሞላ፣ እጅ ላይ ሳትታሰር፣ እርጥበት የሌለበት ቦታ ብትቀመጥ ዛሬ የሚያስፈልጋት ሰርቪስ ከሁለት ዓመት በኋላም ሊሠራላት ይችላል። የልጆችዎ ትምህርት ቤት ግን አሥር ቀን ነው የሰጠዎት።

ስለዚህ ዛሬውኑ ለወንድምዎ ይደውሉ። ገንዘቡ ለማዕከሉ ካልተከፈለ የምዝገባው ገንዘብ ተመልሶ ይምጣ። ማዕከሉም ሥራውን ካልተቀበላችሁት ሰዓቷን ይመልሳል፤ ለምርመራና ለመላኪያ የሚያስከፍለው ካለ ይጠየቅ። ለወንድምዎም እንዲህ ይበሉት፦ «አባታችን የሁለታችንም ነው። ሰዓቷ እንዳትሸጥ ከፈለግህ ወጪዋንም እንካፈል።» ከሩቅ ሆኖ «ከሸጥካት ወንድሜ አይደለህም» ማለት ቀላል ነው። በዶላር የሚከፈለው ሰው ለአባቱ ማስታወሻ ግማሹን ቢችል አይጎዳም፤ እንዲያውም ደስ ይለው ይሆናል።

የሒሳብ ሠራተኛ ነዎትና ይቺን ደግሞ ራሳቸው ያስሏት። 850 ዶላር ለ7 ዓመት ሲካፈል በወር 10 ዶላር አካባቢ ነው። ከወንድምዎ ጋር ሲካፈሉት 5 ዶላር። ከአሁን ጀምሮ በስሟ ትንሽ ትንሽ ቢያስቀምጡ የሚቀጥለው ሰርቪስ ድንገተኛ አይሆንም። ቤት ያፈረሰው የሰዓቷ ዋጋ አይደለም፤ ሳይታሰብበት መምጣቱና ተደብቆ መከፈሉ ነው።

ስለ ባለቤትዎ

ባለቤትዎ የተናደደችው በሰዓቷ አይመስለንም። ለቅሶ ቤት፣ በሰው ፊት፣ የገዛ ቤቷን ምሥጢር ከእቁብ ዳኛ መስማቷ ነው የቆጠቆጣት። እስቲ ራስዎን በእሷ ቦታ ያስቀምጡ፤ «እንኳን ደረሳችሁ» ሲሏት ምን ብላ ትመልስ? እርስዎ ልጅ ሆነው በድምጿ እንቅልፍ ይወስድዎት እንደነበር ለእኛ ጽፈዋል፤ ለእሷ ነግረዋት ያውቃሉ? ባለቤትዎ የምታውቀው 850 ዶላሩን ብቻ ከሆነ አትፍረዱባት። የምዝገባውን ደረሰኝ በእጅዎ ይዘው ይግቡ፤ መጀመሪያ «ዋሽቼሻለሁ» ይበሉ፤ ከዚያ ስለ አባትዎ ያውሯት። ቅደም ተከተሉ እንዳይዛባ።

እህታችን፣ ይህን ጋዜጣ ካየሽው ለአንቺም አንድ ቃል አለን። በቁጣ ጊዜ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም። የቆመች ሰዓት ደግሞ ገዢው የሰርቪሱን ወጪ ስለሚቀንስባት የምታወጣው ጥቂት ነው። ሦስት ዓመት ለሐዘን ረጅም አይደለም። ባልሽ ያጠፋው ጥፋት እውነት ነው፤ አባቱን መናፈቁም እውነት ነው።

ለሌሎቻችሁ አንባቢያን፦ ከዱባይም ሆነ ከአሜሪካ ስም ያላት አውቶማቲክ ሰዓት በስጦታ ሲመጣላችሁ ደስ ይበላችሁ። ነገር ግን መኪና እንደተሰጣችሁ ቁጠሩት፤ ሰርቪሷ አብሯት መጥቷል። በእርጋታ ጊዜ ተነጋገሩበት። ደግሞም ሰዓታችሁ ወደኋላ መቅረቷን ትታ ድንገት ወደፊት መሮጥ ከጀመረች ሳትደነግጡ መጀመሪያ ማግኔት ይዟት እንደሆነ አስፈትሹ። የድምፅ ማጉያና የመሳሰለው አጠገብ ስትቀመጥ ይይዛታል። እሱን ማስለቀቅ የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ሙሉ ሰርቪስ አያስከፍልም።

ጠያቂያችን፣ ምዝገባው ሲያልቅና እንቅልፋችሁ ወደ አንድ ክፍል ሲመለስ ሁለት መስመር ጻፉልን። ቸር ይግጠመን!