ጥቁር ሻይና ካንሰር፤ ከቅጠሉ ይልቅ ግለቱ

ካንሰርን የሚያጠፋ ሻይ ተገኘ የሚል መልእክት በየስልኩ ሲዘዋወር ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ነገሩ ከመሬት ተነስቶ የተወራም አይደለም። የሻይ ቅጠል ተቆርጦ፣ ጠውልጎና ተፈጭቶ ለአየር ሲጋለጥ ካቴኪን የሚባሉት ንጥረ ነገሮች ወደ ቲአፍላቪንና ቲአሩቢጂን ይለወጣሉ። ለጥቁር ሻይ ቀላ ያለ መልኩንና ጠንከር ያለ ጣዕሙን የሚሰጡት እነዚህ ናቸው። በቤተ ሙከራ ውስጥ ቲአፍላቪን በካንሰር ሕዋሳት ላይ ሲጨመር መባዛታቸው ሲገታ፣ አንዳንዶቹም ሲሞቱ ታይቷል።

ይሁን እንጂ በቤተ ሙከራ የሚጨመረው መጠን ሰው ሻይ ጠጥቶ ደሙ ውስጥ ከሚያገኘው እጅግ ይበልጣል። ቲአፍላቪን ከአንጀት ወደ ደም የሚያልፈው በጣም በጥቂቱ ነው። ፔርሙዝ ሙሉ ሻይ ብንጠጣ እንኳ እዚያ መጠን ላይ አንደርስም። በእንግሊዝ ግማሽ ሚሊዮን በሚጠጉ ሰዎች ላይ ተካሂዶ በ2022 ይፋ የሆነ ጥናት በቀን ሁለት ኩባያና ከዚያ በላይ ሻይ የሚጠጡ ሰዎች የመሞት ዕድላቸው ከማይጠጡት ከ9 እስከ 13 በመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። ቅናሹ በግልጽ የታየው ግን በልብ ሕመምና በስትሮክ ነው፤ በካንሰር ላይ እንዲያ ያለ ግልጽ ውጤት አልታየም።

ስለዚህ እኔን ከሻዩ ንጥረ ነገር ይልቅ የሻዩ ግለት ያሳስበኛል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2016 ከ65 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ የሆነ ማንኛውንም መጠጥ «ካንሰር የማምጣት ዕድሉ ከፍተኛ ነው» ከሚላቸው ነገሮች መድቦታል። ጥፋቱ የሙቀቱ እንጂ የቅጠሉ አይደለም። በሰሜን ኢራን በምትገኘው ጎለስታን ሕዝቡ ጥቁር ሻይ አብዝቶ ይጠጣል፤ የምግብ ቧንቧ ካንሰርም በብዛት ይታይበታል። በ2009 በታተመው የዚያ አካባቢ ጥናት፣ ሻዩ ከተቀዳ 2 ደቂቃ ሳይሞላው የሚጠጡ ሰዎች 4 ደቂቃና ከዚያ በላይ ከሚታገሡት ይልቅ ለበሽታው የመጋለጥ ዕድላቸው 5 እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። የምግብ ቧንቧ ግድግዳ በየዕለቱ ሲቃጠልና መልሶ ሲሽር ከዓመታት በኋላ ሕዋሳቱ ሊዛቡ ይችላሉ።

በአገራችንም ይህ ካንሰር በአርሲና በባሌ አካባቢ በብዛት እንደሚታይ ሐኪሞች ሲናገሩ ቆይተዋል። መንስኤው አንድ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ትኩስ ገንፎና ትኩስ መጠጥ ግን ከሚጠረጠሩት መካከል ናቸው። እኛ ደግሞ እንግዳ ሲመጣ «ሳይቀዘቅዝ ጠጡ» ማለት ልማዳችን ነው። ከንፈር የሚልጥ ሻይ ካልቀረበለት የተናቀ የሚመስለውም አለ። አራት አምስት ደቂቃ ማቆየት፣ ወይም ቀዝቃዛ ወተት ጠብ ማድረግ ምንም ወጪ የለውም። በነገራችን ላይ ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ስለሚያደርግ፣ በተለይ ነፍሰ ጡሮች ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቢቆዩ ይመረጣል።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ካንሰር የተገኘበት ሰው በሻይ ተማምኖ ሕክምናውን ማቋረጡ ነው። ሻዩን መጠጣት ይችላል፤ መድኃኒቱን ግን የሚተካለት አይደለም። በእንክብል ታሽገው የሚሸጡ የሻይ ቅጠል ጭማቂዎች ደግሞ ጉበት ሊጎዱ ስለሚችሉ ለሐኪም ሳይነግሩ መውሰድ አይገባም። ምግብ ሲውጡ የሚይዝዎት፣ እንጀራው አልወርድ ብሎ በውኃ የሚገፉት፣ ሳያስቡት ክብደትዎ የቀነሰ ከሆነ ዝንጅብልና ቅርንፉድ እየጨመሩ ሻይ እያፈሉ አይቆዩ፤ በዚያው ሳምንት ሆስፒታል ሄደው ይታዩ።